እማዬ ያየችው፣ ካሜራዬ ያልያዘው

እናቴ ልትጠይቀኝ ከደሴ ስቶክሆልም በመጣች ጊዜ ሰሜን ስዊድን ወዳለችው አቢስኮ ይዣት ሄድኩ። የሰሜን ብርሃንን፣ ማለትም በሰሜን አገሮች ሌሊት ሰማይ ላይ የሚበራውን አውሮራ፣ ላሳያት ብዬ ነው። ወጣልን፣ አየን፣ ፎቶም አነሳሁ። ፎቶዎቹን ያየ ሁሉ "ይሄን በዓይንህ አየኸው?" ይለኛል። እኔም አዎ እላለሁ። ግን አዎ ባልኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። እዚያው በረዶ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው እማዬ ፎቶዎቹ ላይ ያለውን ቀለም አብዛኛውን ሌሊት አላየችውም። እሷ ያየችውና እስከ ዛሬ ለጎረቤት ሁሉ የምታወራው ነገር ደግሞ ከፎቶዎቹ በአንዱም ላይ የለም።

"ካሜራ ያጋንናል፣ በቃ" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ብዙ ጓደኞቼም ያሉኝ ይህንኑ ነው። እኔን ግን አላረካኝም። ካሜራው ከራሱ የፈጠረው ብርሃን የለም። የእማዬም ዓይን አልዋሸም። ታዲያ ሁለቱም ልክ ከሆኑ እዚያ ሰማይ ላይ የነበረው ምንድን ነው? እስካሁን ያሰብኩትን ያህል ልጻፈው።

ወደ ሰሜን

ከስቶክሆልም ማታ በባቡር ተሳፍረን ረፋድ ላይ ደረስን። እማዬ ጋደም ብላ እንኳ የመስኮቱን መጋረጃ አልዘጋችም፤ ሌሊቱን ጥድና በረዶ ስታይ ነው ያደረችው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር ዳቦ ቆሎዋን ከደሴ ይዛ መጥታለች። ኪሩና ላይ ባቡሩ ሲቆም የብረት ማዕድኑን አሳየኋት። ከሥር በሚቆፈረው ምክንያት መሬቱ እየተሰነጠቀ ስለሆነ ከተማውን ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቦታ እያዛወሩት ነው። በ2025 ነሐሴ ላይ ትልቁን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሳያፈርሱ፣ እንዳለ ጭነው፣ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወሰዱት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። "ታቦቱስ?" አለችኝ ወዲያው። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ታቦት እንደሌለው ነገርኳት። "ቢሆንም፣ ሳይፈርስ መሄዱ ደስ ይላል" አለች።

አቢስኮ ከአርክቲክ ክበብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ገባ ብላ ያለች ትንሽ መንደር ናት። አጠገቧ ቶርኔትሬስክ የሚባል 70 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሐይቅ አለ። እዚህ የምመጣው ለሰማዩ ብዬ ነው። ከአትላንቲክ የሚነሳው ደመና ዝናቡንና በረዶውን ኖርዌይ ድንበር ያሉት ተራሮች ላይ አራግፎ ነው ወደዚህ የሚሻገረው። በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከስዊድን ደረቅ ቦታዎች አንዷ ናት። ስለዚህ ሌላው ቦታ ተሸፍኖ ሳለ ከሐይቁ በላይ ያለው ሰማይ ብዙ ጊዜ ክፍት ይሆናል። ትልቅ የፀሐይ ማዕበል፣ ማለትም ከፀሐይ የሚፈነዳ የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ጎርፍ፣ እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም። አውሮራ የሚወርድበት ቀለበት መሬትን በሰሜን በኩል ከብቦ የሚኖር ነው፣ አቢስኮም አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ነች። ሰማዩ ከጠራና ከጨለመ ተራ ሌሊትም ይበቃል።

"ያማ ደመና ነው"

ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የረጋው ሐይቅ ላይ ወጣን። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ ነበር። እማዬን ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ወፍራም ጃኬት አለበስኳት፤ እሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጋቢዋን ደረበች። ታጣፊ ወንበር ላይ የአጋዘን ቆዳ አንጥፌ አስቀመጥኳት። ዝንጅብል ሻዩ በፔርሙስ አጠገቧ ነው።

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቆምኩ። ሰፊ ሌንስ፣ ቀዳዳው እስከ መጨረሻ የተከፈተ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ሹተሩ፣ ለ8 ሰከንድ ክፍት። ፎከሱን በእጄ አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ አስተካከልኩ፤ በዚያ ጨለማ አውቶ ፎከስ አያዋጣም። ትርፍ ባትሪዎቹን ብርዱ እንዳይጨርሳቸው ከውስጥ ኪሴ ከትቻለሁ። የመጀመሪያውን ሳነሳ ስክሪኑ ላይ ከተራራ እስከ ተራራ የተዘረጋ አረንጓዴ ቅስት ታየ።

"እማዬ፣ መጣ!"

"የታለ?"

"ያውልሽ፣ ከተራራው በላይ።"

"ያማ ደመና ነው።"

ስክሪኑን አሳየኋት። አረንጓዴው ቦግ ብሏል። ስክሪኑን አየች፣ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን። "ልጄ፣ ይሄ እዚያ ላይ የለም" አለችኝ። ቅሬታ አልነበረውም አነጋገሯ። ያየችውን ነው የተናገረችው። ቆየት ብላ ደግሞ "የዕጣን ጢስ ነው የሚመስለው፣ ነጣ ያለ ነገር፣ ደስ ይላል" አለች።

ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ በአውቶቡስ የመጡ ቱሪስቶች ነበሩ። አስጎብኚው ያንኑ ቅስት እያሳያቸው ነው። ሁለቱ ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተው ፎቶውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ተያዩ። በስልክ ብቻ ነው የሚታየው እየተባባሉ ሲያልፉ ሰማኋቸው። ከዚያ ሙቀቱ ውስጥ ለመቀመጥ ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ። እስከ ዛሬ ሳስባቸው ያሳዝኑኛል። ከሩቅ አገር መጥተዋል፣ ብዙ ገንዘብ ከፍለዋል፣ እውነተኛው አውሮራ አናታቸው ላይ ነው፣ እነሱ ግን ዛሬ አልወጣም ብለው ገቡ። እንደዚህ እንዲያስቡ ያደረጋቸው ማነው? እኔ ነኝ፣ እኔን የመሰለ ፎቶ አንሺ ሁሉ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ኢንስታግራም ላይ ያየነው ሁሉ ቦግ ያለ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ቀይ ነው። ግራጫውን የሚለጥፍ የለም።

የዓይናችን ነገር እንዲህ ነው። ቀለም የሚለዩልን የዓይን ሴሎች ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። ሲጨልም ሥራውን ለሌሎች ያስረክባሉ። እነዚህኞቹ በጣም ደካማ ብርሃን ይይዛሉ፣ ቀለም ግን አያውቁም፤ ሁሉን ነገር ግራጫ አድርገው ነው የሚያሳዩን። እነሱም ወዲያው አይነቁም። ከብርሃን የወጣ ሰው ዓይኑ ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው፣ ዝም ብሎ የቆየ ያያል። በየመሀሉ ስልኩን የሚያበራ ግን በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል።

ዕድሜም አለበት። በጨለማ የወጣት ዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። እማዬ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ በእሷ ዕድሜ ብዙ ጊዜ 5 እንኳ አይሞላም። በስፋት ሲሰላ የሚገባው ብርሃን ግማሽ ያህል ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ የዓይን ውስጥ ሌንሱም ከዕድሜ ጋር ይደበዝዛል። ያን ሌሊት እኔ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሳይ እሷ ነጭ ጢስ ታይ ነበር። ካሜራዬ ደግሞ የ8 ሰከንድ ብርሃን አጠራቅሞ ሌላ ነገር ያያል። አንድ ሰማይ፣ ሦስት ተመልካች።

ካሜራ ከዓይን የሚያንስበት ዘመን ነበር

በ1882 መጨረሻ ሶፉስ ትሮምሆልት የሚባል ዴንማርካዊ መምህር አውሮራን ሊያጠና ሰሜን ኖርዌይ ካውቶኬይኖ ወርዶ ከረመ። የዚያ ሰሜን አገር ነባር ነዋሪ የሆነውን የሳሚ ሕዝብ ፎቶ አንስቷል፣ እነዚያ ፎቶዎቹ ዛሬም ድንቅ ናቸው። አውሮራውን ግን ሞክሮ ሞክሮ ሊያነሳው አልቻለም። በፊልም ፈንታ የሚያገለግለው የዘመኑ የመስታወት ፕሌት ዓይን በቀላሉ የሚያየውን ብርሃን መያዝ አቃተው። የመጀመሪያውን ፎቶ ማርቲን ብሬንደል የተባለ ጀርመናዊ ያነሳው በ1892 ጥር ላይ ነው፣ እዚያው ሰሜን ኖርዌይ አልታ አካባቢ። ደብዛዛ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላም ቢሆን ቀለሙን የሚይዝ ስላልነበረ ዴንማርኮች በ1899 ወደ አይስላንድ ለጥናት ሲሄዱ ሃራልድ ሞልትከ የሚባል ሠዓሊ ይዘው ነው የሄዱት። ያየውን እንዲሥል።

ስለ ሞልትከ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ብርድ ውስጥ ቆሞ፣ የሚንቀሳቀስ ብርሃን እያየ፣ በኋላ በቀለም ሊሥለው ቅርፁን በእርሳስ የሚይዝ ሰው። ሥዕሉ ውስጥ ያለው አውሮራ በሰው ዓይን ውስጥ አልፎ የወጣ ነው። የእኔ ፎቶ ግን በማንም ዓይን ውስጥ አላለፈም። ይህን ስል ፎቶው ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። አረንጓዴው ከኦክስጅን የሚመጣ እውነተኛ ብርሃን ነው፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያው ኦክስጅን ቀይ ይሰጣል። ቀዩን ዓይናችን በጨለማ ማየት በጣም ስለሚከብደው ነው ብዙ ጊዜ ፎቶ ላይ ብቻ የምናገኘው። አለ። እኛ ነን የማንደርስበት።

በ2024 ግንቦት ላይ ትልቁ የፀሐይ ማዕበል በመጣ ጊዜ አውሮራ እስከ ደቡብ አውሮፓ ታየ። የቴሌግራም ግሩፓችን በሮዝና በቀይ ሰማይ ተጥለቀለቀ። ከጀርመን፣ ከእንግሊዝ፣ ከጣሊያን ሳይቀር ይላክ ነበር። ብዙዎቹ ከፎቶው ሥር "በዓይኔ ግን ይህን ያህል አልታየኝም" ብለው ጽፈዋል። ያኔ ዝም ብዬ አለፍኩት። እማዬ በረዶው ላይ "እዚያ ላይ የለም" ስትለኝ ነው ያ ሁሉ መልእክት የታወሰኝ።

"እየው፣ ይተነፍሳል"

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ቅስቱ በድንገት ደመቀ፣ ተጠማዘዘ፣ ሰማዩን ሞላው። ይህን ክፍል ሁሉም ሰው ስለሚጽፈው አላረዝመውም። እማዬም ያኔ "አሁን አየሁት፣ አረንጓዴ ነው!" ብላ ተነሳች፣ አማተበች፣ "ስምህ ይመስገን" አለች። ብርሃኑ ሲበረታ ቀለም የሚለዩት ሴሎች ይነቃሉና የእሷም ነቁ። ከቱሪስቶቹ አንዱ በደስታ ሲያፏጭ ግን ፊቷ ተለወጠ። "በሌሊት አይፏጭም!" እኛ ቤት እባብ ይጠራል ተብሎ ነው ያደግነው። ሳሚዎችም በዚህ ብርሃን ሥር ማፏጨት ነውር እንደሆነ ለልጆቻቸው ሲነግሩ ኖረዋል፤ ብርሃኑ ወርዶ ይወስድሃል ይላሉ። ይህን ስነግራት "እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ" አለች በጣም ረክታ።

ከደቂቃዎች በኋላ ጋብ አለ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ፣ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ሄደ። ሰማዩ ላይ የቀረው እዚህም እዚያም የተበታተነ፣ ቅርፅ የሌለው ደብዛዛ ነገር ነው። ፎቶ አንሺዎች ብዙ ጊዜ ዕቃቸውን የሚሰበስቡት በዚህ ሰዓት ነው። እማዬ ግን መነሳት አልፈለገችም። ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ አንገቷን ወንበሩ ላይ ጥላ፣ ወደ ላይ ታያለች።

"እየው፣ ይተነፍሳል" አለችኝ።

ምኑ አልኳት። "ያኛው። አሁን አለ... አሁን ጠፋ... እየው አሁን መጣ። ያ ደግሞ ለብቻው ነው የሚተነፍሰው።" በጣቷ ታሳየኛለች። እኔ በወቅቱ ካሜራው ላይ አጎንብሼ ነበር። ወደምታሳየኝ አቅጣጫ አዙሬ 8 ሰከንድ አነሳሁና ስክሪኑን አየሁ። ሰማዩ ሙሉ ወጥ የሆነ አረንጓዴ ጭጋግ። አሳየኋት።

"ይሄማ ሞቷል" አለች።

ይህ ቃል ነው ከእኔ ጋር የቀረው። ቀና ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም፤ የስክሪኑ ብርሃን ዓይኔን አጥፍቶት ነበር። ካሜራውን ዘግቼ አጠገቧ በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ቦታውን እየጠቆመች ትጠብቀኛለች። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንዱ ቁራጭ በርቶ ሲጠፋ አየሁት። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሰማዩ ሁሉ። በአስር የሚቆጠሩ የብርሃን ቁራጮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ጊዜ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፣ ተመልሰው እዚያው ቦታ ላይ ይበራሉ። አንዱ ፈጣን ነው፣ ሌላው ዘገምተኛ። ድምፅ የለም። ያለ ቀለም፣ ግራጫ በግራጫ፣ ከዚያ በፊት ካየሁት ደማቅ ጭፈራ ሁሉ ይልቅ ያ ነገር ነክቶኛል።

እንዴት ፎቶው ላይ ጠፋ? ነገሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከሁለት ሰከንድ እስከ ሃያ ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው በርቶ የሚጠፋው። የእኔ ሹተር 8 ሰከንድ ክፍት ነው። የበራበትንም የጠፋበትንም አንድ ላይ ደምሮ ያስቀምጠዋል። ትንፋሹ ተደምሮ ጭጋግ ይሆናል። ደካማ ብርሃን የሚይዙት የዓይን ሴሎች ደግሞ ቀለም ቢያጡም እንቅስቃሴን ይይዛሉ፣ በተለይ በዓይን ጠርዝ በኩል። እማዬ ያን ሌሊት ስክሪን አላየችም ማለት ይቻላል። ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ጨለማውን ለምዷል። ቀለም ፍለጋ ላይም አልነበረችም፤ እዚያ የለም ብላ ትታዋለች። የቀራት እንቅስቃሴው ነው፣ እሱን አገኘችው።

ሳይንቲስቶች ይህን ዓይነቱን አውሮራ ከጥንት ያውቁታል፤ ብዙውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከ ንጋት፣ ትልቁ ፍንዳታ ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው። ለምን እንደሚርገበገብ በቀጥታ ያሳየው አራሴ የተባለው የጃፓን ሳተላይት ሲሆን ውጤቱ የታተመው በ2018 ነው። ከመሬት በብዙ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት፣ በመሬት መግነጢስ ሰሜንና ደቡብ መካከል ባለው መግነጢሳዊ ወገብ አካባቢ፣ የሬዲዮ ሞገድ ይነሳል። ሞገዱ በመጣ ቁጥር እዚያ ታፍነው ከሚመላለሱት ኤሌክትሮኖች የተወሰኑትን እየገፋ ወደ መሬት ይለቃቸዋል። ሞገዱ ሲያርፍ እነሱም ያርፋሉ። ያ ምት ነው ታች ሰማይ ላይ ብርሃን ሆኖ የሚበራና የሚጠፋው። ሞገዱን በስፒከር ሲያሰሙት የንጋት ወፎች ጫጫታ ይመስላል። ይህን ለእማዬ በቴሌግራም አሰማኋት። "ወፍ ነው እንዴ?" አለች፣ ደግማ ደጋግማ ሰማችው።

እኔን ሲከነክነኝ የቆየው እዚህ ጋ ነው። እኔ የመጣሁት ላሳያት ነበር። አገሩን የማውቀው እኔ፣ ካሜራው የእኔ፣ ስለ ፀሐይ ነፋስ ያነበብኩት እኔ። ያሳየችኝ ግን እሷ ናት። ደግሞም ያየችው ደካማ ዓይኗን አምና ስለተቀመጠች ነው፤ "ፎቶው ልክ ነው፣ የእኔ ዓይን ነው የተበላሸው" ብላ ብትተወው ኖሮ ሁለታችንም አናይም ነበር። ስንት ሰው ነው እንዲህ ብሎ የሚተወው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ እውነቱ እንዲጠራ ግን አንድ ሰው እስኪነጋ መቆየት አለበት። አውቶቡሱ የሄደው ገና በስድስት ሰዓት ተኩል ነው።

"እኛ አገር ለምን አይወርድም?"

ስንመለስ ባቡር ላይ የጠየቀችኝ ይህን ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ከብርድ ጋር አይገናኝም። ብርሃኑን የሚሠሩት ኤሌክትሮኖች እንዳሻቸው አይወርዱም፤ የመሬትን የመግነጢስ መስመር ተከትለው ነው የሚመጡት። ይህ ነገር ከመግነጢስ ጋር እንደሚያያዝ ቀድመው ካዩት ውስጥ ስዊድናውያን አሉበት። በ1741 ኡፕሳላ ላይ አንደርስ ሴልሺየስ፣ ያ የሙቀት መለኪያው ሴልሺየስ፣ ከረዳቱ ኡሎፍ ዮርተር ጋር ሆኖ አውሮራ በወጣ ሌሊት የኮምፓስ መርፌው እንደሚንቀጠቀጥ መዘገበ።

አቢስኮ ላይ መስመሩ ከሰማይ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ሊወርድ ትንሽ ነው የሚቀረው። ኮምፓስን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲዞር አድርጋችሁ ብትሰቅሉት መርፌው ወደ መሬት ይደፋል። ኢትዮጵያ ላይ ግን መግነጢሳዊው ወገብ ራሱ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። እዚያ መስመሩ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ተጋድሟል። ደሴም ከዚያ ሩቅ አይደለችም። ተከትሎ የሚወርድበት መንገድ የለም፣ ያልፋል እንጂ አይወርድም።

ይህ ማለት ግን የእኛ ሰማይ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ቀን ቀን፣ ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት፣ ከመግነጢሳዊው ወገብ በላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ኤሌክትሮጄት ይሉታል። ከፍታው ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ አቢስኮ ላይ አረንጓዴው የሚበራበት ከፍታ ማለት ነው። በዓይን አይታይም እንጂ የኮምፓስ መርፌን ያነቃንቃል። አዲስ አበባ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን የመሠረተው፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመግነጢስ መለኪያ ያለው ለዚህ ነው። ቦታው ለዚያ ሥራ በዓለም ከተፈለጉት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር።

እማዬ ይህን ስትሰማ ትንሽ ዝም አለች። "እንግዲያ እኛም ጋ አለ" አለች። አዎ፣ አለ።

አሁን እንዴት ነው የማነሳው

ከዚያ ወዲህ ፎቶ ማንሳት አላቆምኩም፣ እንዲያውም በረታሁ። ግን ከፎቶው ሥር ሁለት ነገር እጽፋለሁ፤ ሹተሩ ስንት ሰከንድ ክፍት እንደነበረና በዓይኔ ምን እንደታየኝ። "8 ሰከንድ፤ በዓይን ፈዛዛ ነጭ፣ አልፎ አልፎ አረንጓዴ።" ይህን መጻፍ የፎቶውን ክብር አይቀንስም። ያነበበ ሰው አንድ ቀን እዚያ ሲቆም ነጩን ነገር ያውቀዋል፣ ደመና ነው ብሎ አይሄድም። አስጎብኚዎችም መጀመሪያ ሰማዩን፣ በኋላ ስክሪኑን ቢያሳዩ እመኛለሁ። ቅደም ተከተሉ ብዙ ይለውጣል።

የሚተነፍሰውን ለመያዝ ደግሞ ቪዲዮ ነው የምሞክረው። ቀዳዳው በጣም ሰፊ የሆነ ኤፍ 1.4 ሌንስ፣ አይኤስኦው እስከሚችለው ድረስ ከፍ ያለ፣ በሰከንድ ብዙ ፍሬም። ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል፣ ለፎቶ ውድድር የሚሆን አይደለም። የመጀመሪያውን ለእማዬ ልኬላት ነበር። "ይሻላል፣ ግን ትንሽ ነው፣ ያኔ ሰማዩ ሁሉ ነበር" አለችኝ። ልክ ናት። ለዚህ እስካሁን መፍትሔ አላገኘሁለትም።

ወላጅ ይዛችሁ ወደ ሰሜን የምትሄዱ ካላችሁ መጋቢትን ምረጡ። ብርዱ ይሻላል፣ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ አውሮራውም ይበረታል፤ ሚያዝያ ከገባ ግን ሌሊቱ እየነጣ ስለሚሄድ ይረፍድባችኋል። የሚመች ወንበር ያዙ፣ ቁመው አንጋጠው የሚያዩት ለሽማግሌ አንገት ከባድ ነው። ጨለማ የለመደውን ዓይን እንዳያጠፋባችሁ የራስ መብራታችሁን ቀይ አድርጉት። ፎቶውን ወዲያው አታሳዩአቸው፣ መጀመሪያ ምን እንደሚያዩ ጠይቋቸው። በአውቶቡስ ከሆነ የምትሄዱት ስንት ሰዓት እንደሚመለስ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ የሚቆየውን ፈልጉ፣ ካልተገኘ መንደሩ ውስጥ እደሩና በእግራችሁ ወደ ሐይቁ ውረዱ።